ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትፈጥንም፤ የፕሮፔለር መንሸራተት እንዴት ይመረመራል?

ፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የምሽት ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



የዛሬውን ገለጻ በአንዲት ጀልባ ታሪክ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባለ ጀልባ ወደ ቢሮዬ መጡ። ዱባይ ውስጥ ያገለገለች ቀላልና ፈጣን ጀልባ ገዝተው ወደ ጣና አምጥተዋል። ከኋላዋ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው አውትቦርድ ሞተር ተንጠልጥሎባታል። ከመግዛታቸው በፊት እዚያው ባሕር ላይ ተሳፍረው ሞክረዋታል፤ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በዐይናቸው አይተዋል። ጣና ላይ ግን ጋዙ እስከ መጨረሻው ቢከፈትም ከ101 አላለፈችም። ስድስት ሰው ሲሳፈርባት ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ውኃውን ታርሳለች እንጂ ብድግ ብላ በውኃው ገጽ ላይ መንሸራሸር አቃታት። ሁለት መካኒኮች አዩአት። አንዱ «ፕሮፔለሩ ይንሸራተታል፤ ይለወጥ» አላቸው። ሁለተኛው «ሞተሩ ደክሟል፤ ተከፍቶ ይታይ» አላቸው። ሞተሩን መክፈት ማለት መለዋወጫውን ከውጭ ማስመጣት፣ ወራት መጠበቅና ብዙ ገንዘብ ማውጣት ማለት ነው። እኔ ዘንድ የመጡት ይህን ከመወሰናቸው በፊት ሦስተኛ ሰው ለመጠየቅ ነበር።

ሁለቱን ባለሙያዎች ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ ምልክቱን አይተው በልምዳቸው ፈርደዋል። የሁለቱም ፍርድ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ቁጥር ነው። ጀልባ ባልታሰበ መጠን ስትዘገይ ጥፋቱ ከሞተሩ፣ ከፕሮፔለሩ ወይም ከጀልባዋ አካል ሊሆን ይችላል። መንሸራተትን በትክክል ማስላት ደግሞ አንዲት ብሎን ሳንፈታ ከሦስቱ የትኛውን መጠርጠር እንዳለብን ይነግረናል። የምሽቱ ጉዳዬ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ባለሙያዎች ስሊፕ የሚሉትን «መንሸራተት» ብለን ስንጠራው ቃሉ ራሱ ጥፋት ያስመስለዋል፤ ጭቃ ላይ በከንቱ የምትሽከረከር የመኪና ጎማ ትታየናለች። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ተመልከቱ። መቅዘፊያውን ነክሮ ወደ ኋላ ሲስበው ውኃው እንደ ግድግዳ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ወደ ኋላ ይሸሻል። ታንኳዋ ወደ ፊት የምትሄደውም ውኃው ወደ ኋላ ስለ ተገፋ ነው። ውኃ ሳያንቀሳቅስ ታንኳ ሊያንቀሳቅስ የሚችል ቀዛፊ የለም። ፕሮፔለርም እንደዚሁ ነው፤ ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን በ1865 ይህንኑ በሒሳብ ቀምሮታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) መንሸራተቱ ዜሮ የሆነ ፕሮፔለር ገፊ ኃይልም አይኖረውም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ይንሸራተታል ወይ?» መሆን የለበትም። «ምን ያህል ይንሸራተታል? ከምን ጋር ተያይዞ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር ፒች የሚባል መጠን አለው፤ ብሎን እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ ፕሮፔለሩ ባይንሸራተት ኖሮ በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት ነው። የባለ ጀልባው ፕሮፔለር 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ቢሽከረከርም ፕሮፔለሩ ያን ያህል አይዞርም፤ በታችኛው ማርሽ በኩል ፍጥነቱ ይቀነሳል። በዚህች ጀልባ ጥምርታው 1.75 ለ 1 ነው። እንግዲህ 6,000ን ለ1.75 አካፍሉ፤ የፕሮፔለሩ ዙር 3,429 ይሆናል። ይህን በፒቹ አባዙና ወደ ሰዓት ለውጡ፤ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ ጀልባዋ በብሎን ሕግ ልትሄድ የሚገባት ፍጥነት ነው። በእውነት የሄደችው 110 ነው። ልዩነቱ ለ125 ሲካፈል 12 በመቶ ይሆናል። ቀላልና ፈጣን ለሆነች ጀልባ ከ8 እስከ 15 በመቶ ያለው መንሸራተት ጤናማ ነው፤ ከባድ ጭነት ለሚጎትት የሥራ ጀልባ ግን 30 በመቶም ቢሆን አያስደነግጥም።

ዱባይ ላይ 12 በመቶ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ። ወደ ጣና ከመመለሳችን በፊት ይህን የመሰለ ችግር በዓለም ፊት የገጠመውን ሰው ላስተዋውቃችሁ።

ቻርልስ ፓርሰንስ የእንፋሎት ተርባይንን በ1884 የሠራ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ማሽኑ ለመርከብ እንደሚሆን ለማሳየት በ1894 ተርቢኒያ የምትባል ጀልባ አሠራ፤ ርዝመቷ ከ31 ሜትር በላይ፣ ወርዷ ግን ከሦስት ሜትር ያነሰ፣ ቀጭን እንደ ጦር። ተርባይኑ ያለ ምንም ማርሽ በቀጥታ ከአንድ ዘንግ ጋር ተያይዞ ፕሮፔለሩን ያሽከረክራል። ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። በርካታ ፕሮፔለሮች ቢቀያየሩም ጀልባዋ 20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ መሻገር አልቻለችም። መንሸራተቱ ሲሰላ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ የፓርሰንስን አእምሮ አደንቃለሁ። አዲስ ነገር የነበረው ተርባይኑ ነው፤ ተቺዎቹ ሁሉ ተርባይኑን ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። ራሱ ፓርሰንስም ቢጠረጥር አይገርምም ነበር። እርሱ ግን ፈትቶ ከማየት ይልቅ በሞተሩና በፕሮፔለሩ ዘንግ መካከል የመጠምዘዝ ኃይልን የሚለካ ባለ ምንጭ መሣሪያ አስገባ። ልኬቱ ተርባይኑ የተጠበቀበትን ኃይል እንደሚያመነጭ አረጋገጠለት፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የፕሮፔለሩ ሆነ። ሁለት ተጠርጣሪዎች ሲኖሩ በመካከላቸው መለካት፤ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘንም።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ለምን እንደ ሰነፈ መረዳት ነበረበት። ክንፉ እጅግ ሲፈጥን በጀርባው በኩል ያለው የውኃ ግፊት በጣም ይወርዳል። ግፊቱ በቂ ያህል ከወረደ ውኃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ ክንፉ በውኃ ፈንታ በእንፋሎት አረፋ ይከበባል፤ የሚይዘውም ነገር ያጣል። ካቪቴሽን የምንለው ይህ ነው። ፓርሰንስ ይህን በዐይኑ ለማየት በ1895 ውኃ የሚዘዋወርበት ትንሽ ዝግ ቱቦ ሠርቶ፣ ኢምንት የምትሆን ፕሮፔለር በውስጡ አሽከረከረ። አረፋው በቀላሉ እንዲወለድለትም በፓምፕ አየሩን እየሳበ ከውኃው በላይ ያለውን ግፊት ቀነሰ። ይህን የፓምፕ ነገር አትርሱት፤ ጣና ላይ ይጠቅመናል።

መድኃኒቱ ኃይሉን ማከፋፈል ሆነ። በአንዱ ዘንግ ፈንታ ሦስት ዘንጎች፣ በእያንዳንዱም ላይ ሦስት ፕሮፔለሮች፤ በድምሩ ዘጠኝ። ሸክሙ በሰፊ የክንፍ ገጽ ላይ ሲከፋፈል ውኃው መፍላቱን ተወ። ተርቢኒያ ከ34 ኖት በላይ ሄደች። በ1897 በንግሥት ቪክቶሪያ የባሕር ኃይል ትርኢት ላይ ሳትጋበዝ በጦር መርከቦቹ ሰልፍ መካከል ስትበር የጥበቃ ጀልባዎቹ ሊደርሱባት አልቻሉም። ዛሬ ኒውካስል ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ናት፤ ዕድሉ የገጠማችሁ እንድታዩዋት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ጀልባችን እንመለስ። ባለ ጀልባውን ይዤ ሐይቁ ላይ ወጣሁ። ከመውጣታችን በፊት ግን ቁጥሮቹን የሚሰጡንን መሣሪያዎች መመርመር ነበረብን፤ ውሸታም ምስክር ከምስክር ማጣት ይብሳል። የጀልባ ፍጥነት መለኪያ ብዙ ጊዜ በውኃ ግፊት የሚሠራ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ጭቃ ወይም አረም ሲደፍነው የፈለገውን ይናገራል። ስለዚህ ጂፒኤስ ያዝን። ነፋስና ሞገድ እንዳያታልሉን በአንዱ አቅጣጫ ሄደን በሌላው ተመልሰን አማካዩን ወሰድን። ወንዝ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ግዴታ ነው። የዙር ቆጣሪውም ይታለላል፤ ብዙዎቹ ከጀርባቸው ለተለያዩ ሞተሮች የሚስተካከል መምረጫ አላቸው፤ መምረጫው ያለ ቦታው ከተቀመጠ የሚነበበው ዙር ሁሉ ሐሰት ነው። ፒቹም ቢሆን ፕሮፔለሩ ላይ የታተመውን ብቻ ማመን አይገባም፤ ተመትቶ የተቃና ወይም ጠርዙ ተቀጥቅጦ የታጠፈ ክንፍ ከታተመበት ይለያል። ስሌታችሁ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች መንሸራተት ከሰጣችሁ ጀልባችሁ የተፈጥሮን ሕግ አልጣሰችም፤ ከቁጥሮቹ አንዱ ተሳስቷል።

መሣሪያዎቹን ካረጋገጥን በኋላ ያገኘነው ይህ ነበር፤ ሙሉ ጋዝ ላይ 5,500 ዙር፣ በሰዓት 101 ኪሎ ሜትር። በብሎን ሕግ በዚህ ዙር ልትሄድ የሚገባት 115 ነው። ተማሪዎቼ፣ አስሉት። መንሸራተቱ 12 በመቶ ነው!

ፕሮፔለሩ ዱባይ ላይ የያዘውን ያህል ውኃ ጣና ላይም ይዟል ማለት ነው። የመጀመሪያው መካኒክ «ይንሸራተታል» ያለው በዚህ ወደቀ። የጀልባዋ ሆድ ውኃ ጠጥቶ ከብዶ ወይም ቆሻሻ ተለጥፎበት ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮፔለሩ በዚያው ዙር ብዙ መግፋት ስለሚኖርበት መንሸራተቱ ከፍ ባለ ነበር፤ ይህም አልሆነም። የቀረው የጠፋው 500 ዙር ነው። ሞተሩ ፕሮፔለሩን እስከ 6,000 ለማድረስ አቅም አጥቷል። የሁለተኛው መካኒክ ግምት ታዲያ ትክክል ነበርን? በከፊል። ሞተሩ ደክሟል፤ አልታመመም ግን።

ምክንያቱ ከዚህ አዳራሽ መስኮት ውጭ ያለው አየር ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ ውኃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ገደማ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። አየርን በተርቦ ወይም በሌላ መጭመቂያ የማያስገባ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል ተብሎ ይገመታል። ስድስት ጊዜ 300 ቁጠሩ፤ 18 በመቶ። ዱባይ ላይ 200 የነበረው የፈረስ ጉልበት እዚህ 165 ገደማ ይሆናል። ውኃው ግን አልሳሳም፤ ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ጉልበት እዚያም እዚህም አንድ ነው። በአምስተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ ሹፌር አስቡት።

ይህን አቅልሎ ማየት ግን አደገኛ ነው። ፕሮፔለሩ የከበደበት ሞተር ሙሉ ጋዝ ተከፍቶ ሳለ ከተመደበለት ዙር በታች ተጨንቆ ይሠራል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ነዳጁ ያለ ጊዜው የመፈንዳት ዕድል ያገኛል፤ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ያ ጤነኛ ሞተር እንደዚያው ቢነዳ ኖሮ ከጊዜ በኋላ በእርግጥ መከፈት የሚያስፈልገው ሞተር በሆነ ነበር።

መፍትሔው ፒቹ ያነሰ ፕሮፔለር ነው። በልምድ እንደሚታወቀው አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ያገኛል። እኛም ከ24 ወደ 22 ኢንች ወረድን፤ ሞተሩም 5,800 ገደማ ደረሰ። ስድስት ሰው ተሳፍሮባትም ጀልባዋ ሳትንገዳገድ ከውኃው ብድግ አለች። ከፍተኛ ፍጥነቷስ? ያው በ100 አካባቢ ቀረ። ባለ ጀልባው በዚህ ትንሽ ማዘናቸውን አልደብቃችሁም። ፕሮፔለር ያለውን ጉልበት በአግባቡ ያውላል፤ አየሩ የወሰደውን 35 የፈረስ ጉልበት ግን ሊመልስ አይችልም። በደጋ ሐይቅ ላይ የዱባይን ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ተርቦ ወይም ተለቅ ያለ ሞተር መግዛት አለበት፤ እኔ እንደማስበው ግን ጣና ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

የፓርሰንስን ፓምፕ አልረሳችሁም ብዬ አምናለሁ። እርሱ ካቪቴሽንን ለማየት አየሩን ስቦ ግፊቱን ቀነሰ፤ እዚህ ተፈጥሮ ከሥራው አንድ አምስተኛውን አስቀድማ ሠርታለታለች። ስለዚህ ባሕር ላይ ከአረፋ ጠርዝ ጥቂት ርቆ ይሠራ የነበረ ፕሮፔለር እዚህ ወደ ጠርዙ ይቀርባል። ክንፉ ጀርባ ላይ የተበላ፣ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቦታ ካያችሁ አረፋው ሲፈነዳ የቆረቆረው ነው። ሰፋ ያለ ክንፍ መምረጥ እንደ ተርቢኒያ ሁሉ ይረዳል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ባለ ጀልባው ደወሉልኝ። «ዶክተር፣ አሁን ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ቆማለች» አሉኝ። ቁጥሮቹን እንዲልኩልኝ ጠየቅኋቸው፤ ወዲያው ላኩልኝ። 6,000 ዙር፣ 80 ኪሎ ሜትር። በ22 ኢንች ፒች ልትሄድ የሚገባት 115 ነውና መንሸራተቱ 30 በመቶ ሆኗል። ይህኛው ከመጀመሪያው ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ሞተሩ ዙሩን በቀላሉ ያገኛል፣ ጉልበቱ ግን ውኃው ዘንድ አይደርስም።

በዚህ ጊዜ የሚጠረጠሩት ጥቂት ናቸው። አንደኛው አየር ነው። ፕሮፔለሩ ከውኃው ገጽ አየር ወይም የራሱን ጭስ ወደ ታች ስቦ ሲያሽከረክር፣ ከካቪቴሽን የተለየ፣ ቬንቲሌሽን የሚባል ችግር ይፈጠራል፤ ሞተሩ እጅግ ከፍ ተደርጎ ሲታሰር፣ ወይም ከልክ በላይ ወደ ላይ ሲቀና፣ ወይም በጠባብ መታጠፊያ ላይ ይታያል። ምልክቱ መምጣትና መሄዱ ነው፤ ጋዙን ቀንሳችሁ መልሳችሁ ስትከፍቱ ፕሮፔለሩ መልሶ ይይዛል። ሁለተኛው በእኛ ሐይቅ እንግዳ ያልሆነው እምቦጭ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ጣናን የወረረው ይህ አረም አንድ ሥሩ ክንፍ ላይ ቢጠመጠም ውኃው በትክክል እንዳይፈስ ያደርጋል። ባለ ጀልባው ግን ፕሮፔለሩ ንጹሕ መሆኑን፣ የሞተሩም ከፍታ እንዳልተነካ ነገሩኝ። ችግሩም አይሄድም አይመጣም፤ ጋዝ በተከፈተ ቁጥር አለ።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ከውጭ አይታይም። በብዙ ፕሮፔለሮች እምብርት ውስጥ፣ በዘንጉና በክንፎቹ መካከል፣ በኃይል ተጠቅጥቆ የገባ ጎማ አለ፤ ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር ግጭቱን የሚውጠው እርሱ ነው። ጎማው ሲያረጅ ወይም ሲቃጠል ዘንጉ በውስጡ ብቻውን ይዞራል። በዝግታ ሲኬድ ይይዛል፤ ጉልበት ሲበዛበት ይለቃል። ይህን ለመያዝ የሚያስፈልገው የጥፍር ቀለም ብቻ ነው። ከመሃለኛው ብረት ጀምሮ በጎማው ላይ አልፎ እስከ ውጨኛው እምብርት የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ታሰምራላችሁ፤ ሙሉ ጋዝ ነድታችሁ ትመለሳላችሁ፤ መስመሩን ታያላችሁ። ባለ ጀልባው የልጃቸውን ቀለም ተውሰው አሰመሩ። ማታ በስልክ የላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ መስመሩ ለሁለት ተቆርጦ፣ አንደኛው ቁራጭ ከሌላው ሩብ ዙር ርቆ ቆሟል። ጎማው ተለወጠ፤ መንሸራተቱም ወደ 10 በመቶ ተመለሰ።

ከአዳራሹ የቀረበ ጥያቄ፦ ባለ ሦስት ክንፉን ትቶ ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለር መግዛት መንሸራተትን አይቀንስም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎን፣ በአብዛኛው ይቀንሳል፤ በተለይ በመካከለኛ ፍጥነት፣ በመታጠፊያ ላይና ጭነት ሲበዛ ውኃውን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን አራተኛው ክንፍ ከውኃው ጋር የሚያደርገው ፍትጊያም አለ፤ ያንን ደግሞ የሚከፍለው ሞተሩ ነው። በመጀመሪያው ችግራቸው ጊዜ ባለ 24 ኢንች ባለ አራት ክንፍ ገዝተው ቢሆን ኖሮ መንሸራተቱ ምናልባት ወደ 9 በመቶ ይወርድ ነበር፤ ሞተሩ ግን ከ5,500ም ዝቅ ብሎ ይጨነቅ ነበር። ባለ አራት ክንፍ ከመረጣችሁ ፒቹን ቢያንስ በአንድ ኢንች ቀንሱ፤ ከዚያም በጂፒኤስ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ዘወትር በሚጫነው ሰው ልክ ለኩ።